ጥሬ ልጅ መርጦ ተጫዋች ማድረግ፦ ለወሎ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኞች ዝርዝር መመሪያ

ደሴ ፒያሳ ላይ አንድ ረጅም ልጅ ሲያልፍ ሰው ዞር ብሎ ያየዋል። «ይሄማ ቅርጫት ኳስ ነበር የሚያዋጣው» ይላል አንዱ። ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ልጁም ያልፋል፣ ወሬውም ያልፋል። አንዳንዴ ግን አሰልጣኝ ወይም የስፖርት መምህር ይጠራውና ሜዳ ያስገባዋል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሪንግ (የቅርጫቱ ቀለበት) ስር ያቆሙታል። ኳስ ከእጁ ሲያመልጥ ይጮኹበታል። ጥቂት ወር ታግሶ ይቀራል። «ቁመት ብቻ ነው፣ ልብ የለውም» ተብሎ ዶሴው ይዘጋል።

በዚህ ፍርድ አልስማማም። ጥሬ ልጅ፣ ማለትም ቁመቱ ኖሮት ጨዋታውን ገና ያልተማረ ልጅ፣ ሲከሽፍ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመረጠው ቡድን ነው። ልጁን አገኙ እንጂ ልጁ የሚያድግበትን ነገር አላዘጋጁም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ዝግጅት ነው። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ፣ ሐይቅም ሆነ ከሚሴ አንድ ሜዳና ጥቂት ኳስ ይዛችሁ ለምትለፉ ሰዎች።

መጀመሪያ ግን ትልልቆቹ እንዴት እንደሚያደርጉት እንይ። ድራፍት ማለት 30ዎቹ የኤንቢኤ (የአሜሪካው ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን ተራ በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ሁለት ዙር አለው። የመጀመሪያዎቹ ተራዎች በዕጣ ይለያሉ፤ ደካማ ቡድን ቀድሞ የመምረጥ ዕድሉ ሰፊ ነው። ከ2006 ወዲህ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ተመራጩ በዚያ ዓመት ቢያንስ 19 ዓመት የሚሞላው መሆን አለበት።

በ2003 ዲትሮይት ፒስተንስ በ2ኛ ተራ ዳርኮ ሚሊቺች የተባለ የ18 ዓመት ሰርቢያዊ መረጠ። ከእሱ በኋላ የተመረጡት ካርሜሎ አንቶኒ፣ ክሪስ ቦሽና ድዌይን ዌድ ናቸው። ዲትሮይት ያኔ ጠንካራ ቡድን ነበር፣ በዓመቱ ዋንጫ በላ። ልጁ ግን ወንበር ላይ ነበር። ለዋንጫ የሚጫወት ቡድን ለሚሳሳት ልጅ የሚሰጠው ደቂቃ የለውም።

ከ10 ዓመት በኋላ ሚልዋኪ ባክስ በ15ኛ ተራ ያኒስ አንቴቶኩምፖን መረጠ። እሱም 18 ዓመቱ ነበር፤ እስከዚያ የተጫወተው በግሪክ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነው። በዚያ ዓመት ባክስ ከ82 ጨዋታ ያሸነፈው 15 ብቻ ነው። ለደጋፊው መከራ፣ ለልጁ ግን ሲሳይ ሆነለት። ሜዳ አገኘ፣ ተሳሳተ፣ ነገ ደግሞ ተሰለፈ። በአማካይ ያገባው 6.8 ነጥብ ነበር። በ2019ና በ2020 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆነ። በ2021 ዋንጫውን ባነሱበት ጨዋታ ብቻውን 50 ነጥብ አገባ።

ሁለቱን ልጆች በተሰጥኦ ማበላለጥ ይቻላል። እኔ ግን ዓይኔ የሚያርፈው በጠበቃቸው ቤት ላይ ነው።

1. ልጅ ከመፈለጋችሁ በፊት ያላችሁን ቁጠሩ

ወረቀት አውጡና እነዚህን ጻፉ። ሜዳው በሳምንት ስንት ቀን የእናንተ ነው? ከመደበኛው ልምምድ ውጪ ልጁን ለብቻው የሚያሠራ ሰው ማን ነው? ስሙን ጻፉ፤ «አንዳችን እናየዋለን» ከተባለ ማንም አያየውም። ዋናው ቡድን ውስጥ ቦታ እስኪያገኝ ጨዋታ የሚያደርግበት ሁለተኛ ቡድን አለ? ከልምምድ በኋላ ምን ይበላል? ይህንን ሁሉ ለስንት ዓመት ትችላላችሁ?

ሁለት ዓመት መታገስ ካልቻላችሁ ጥሬ ልጅ አትምረጡ። ነውር የለውም። ዘንድሮ የዞን ውድድር ማሸነፍ ያለበት ቡድን የደረሰ ተጫዋች ይፈልግ። የምትችሉ ከሆነም በ12 ሰው ቡድን ውስጥ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል። አምስት ጥሬ ልጅ አንድ ላይ ያስገባ አሰልጣኝ አንዱንም በደንብ አያይም።

ቶሮንቶ ራፕተርስ ይህንን የተማረው ከፍሎ ነው። በ2014 ብሩኖ ካቦክሎ የሚባል እጀ ረጅም ብራዚላዊ በ20ኛ ተራ ወሰደ። ያኔ ቶሮንቶ የራሱ የሆነ የታችኛው ሊግ ቡድን አልነበረውም። ልጁን ለልምምድ የላኩት ከሌሎች ቡድኖች ጋር ወደሚጋሩት ክለብ ነበር። እዚያም የሚበቃ ደቂቃ አላገኘም። በ2015 የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ፣ ራፕተርስ 905 አሉት። በ2016 በ27ኛ ተራ የተመረጠው ካሜሩናዊ ፓስካል ሲያካም ሲመጣ ቤቱ ተሠርቶ ጠበቀው። እዚያ ወርዶ ተጫወተ፣ በ2017 ዋንጫ በላ፣ የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። በ2019 ዋናው ቡድን የኤንቢኤን ዋንጫ ሲያነሳ ከዋናዎቹ ምሰሶዎች አንዱ እሱ ነበር። ካቦክሎ ያኔ ቶሮንቶን ለቆ ነበር።

2. የት ትፈልጋላችሁ

የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ብቻ አትፈልጉ። ሀኪም ኦላጁዋን ሌጎስ ውስጥ የእጅ ኳስ ተጫዋችና የእግር ኳስ በረኛ ነበር። ቅርጫት ኳስ የጀመረው በ15 ዓመቱ ገደማ ነው። በ1984 በድራፍቱ 1ኛ ተመረጠ፣ በ1994ና በ1995 ሂውስተንን ሻምፒዮን አደረገ። እግሩን ያፈጣጠነለት እግር ኳሱ እንደሆነ ራሱም ይናገራል።

ስለዚህ የትምህርት ቤቶች መረብ ኳስና እጅ ኳስ ውድድር ሲኖር ሂዱ። ረጅም በረኛ ካያችሁ ስሙን ያዙ። ደሴ ላይ ትልልቆቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የስፖርት መምህራኑን ቡና ጋብዙና ጠይቁ። የትኛው ልጅ ሱሪው በየዓመቱ እንደሚያጥርበት ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይም ከቆላው የሚመጡ ቁመተ ሎጋ ልጆች ታያላችሁ። እዚያ ልጁን በቀጥታ አታናግሩ፤ አብሮት የመጣውን ታላቅ ሰው ሰላም ብላችሁ ጀምሩ።

ሴት ልጆችን አትርሱ። ረጅም ሴት ልጅ በክፍሏ እንዳትታይ ብላ ጎንበስ እያለች ነው የምትሄደው። ወረፋ ላይ ትከሻዋን አጥፋ የቆመችውን ተመልከቱ። ቀና እንድትል ምክንያት የሚሰጣት ሰው እየጠበቀች ይሆናል። ለእሷ 6 ቁጥር ኳስ አዘጋጁ፤ 7 ቁጥር የወንዶች ነው።

3. የሦስት ቀን ሙከራ

በአንድ ቀን ሙከራ ልጅ አይመረጥም። አንድ ቀን የሚያሳየው ማን ቀድሞ እንደጀመረ ብቻ ነው። ሦስት ቀን አድርጉት፣ ቀናቱንም አራርቋቸው።

የመጀመሪያው ቀን የልኬት ነው። ጫማ አስወልቁና ከግድግዳ ጋር አቁሙት። ቁመቱን ለኩ። ከዚያ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ጣቱ የደረሰበትን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ቆሞ ዘሎ የነካውንም እንዲሁ። ሪንጉ ያለው 3.05 ሜትር ላይ ነው። ቆሞ 2.40 የሚደርስ ልጅ 65 ሳንቲ ሜትር ይቀረዋል ማለት ነው፤ ቁመቱን ብቻ ከማወቅ ይህ ይበልጣል። ሁለት እጁን ወደ ጎን አዘርጉትና ከጣት እስከ ጣት ለኩ። ከቁመቱ በደንብ የሚበልጥ ከሆነ ያ ልጅ ከሚታየው በላይ ረጅም ነው።

ከዚያ ወደ ማረፉ ሂዱ። ለእኔ ከዝላዩ የበለጠ የሚናገረው ይህ ነው። የክፍል ወንበር አምጡና ልጁን ላዩ ላይ አቁሙት። አይዝለል፤ በአንድ እግሩ ወደ ፊት ወጥቶ ብቻ ይውረድ፣ በሁለት እግሩ ይረፍ። ፊት ለፊቱ ተንበርከኩና ጉልበቱን እዩ። ጉልበቶቹ ሲያርፍ ወደ ውስጥ ይጠጋጋሉ? ዳሌው ሳይታጠፍ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ነው የሚያርፈው? መሬቱ ላይ «ጧ» የሚል ድምፅ አለ? ይህ ሁሉ ይስተካከላል፣ ልጁን የሚያስጥል ነገር አይደለም። ግን ከማስዘለላችሁ በፊት ብዙ ሥራ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ሁለተኛው ቀን የመማር ነው። ፈጽሞ የማያውቀውን አንድ ነገር አስተምሩት። በግራ እጅ ሌይአፕ (ወደ ሪንጉ ተራምዶ፣ ዘሎ በአንድ እጅ ማግባት) ጥሩ ነው፤ ግራ እግር፣ ቀኝ እግር፣ ዝላይ፣ በግራ እጅ ቦርዱ ላይ። አንዴ አሳዩት፣ አንዴ በቃል ንገሩት፣ ልቀቁት። የመጀመሪያዎቹን አሥር ሙከራዎችና የመጨረሻዎቹን አሥር ለየብቻ መዝግቡ። ስንት አገባ የሚለው አይግረማችሁ። እግሩ ተለውጧል ወይ? ያ ነው ጥያቄው።

ሦስተኛው ቀን ከሁለት ሦስት ቀን እረፍት በኋላ ይሁን። ያንኑ ሌይአፕ ሳታስታውሱት አሠሩት። የረሳም አለ፣ የያዘም አለ። አንዳንዱ ደግሞ ቤቱ ሄዶ ያለ ኳስ ሲለማመድ ከርሟል። ቀድሞ ይመጣል፣ ማንም ሳያየው የሜዳው ጥግ ላይ ግራ፣ ቀኝ፣ ዝላይ እያለ እርምጃውን ይቆጥራል። እንዲህ ያለውን ልጅ ካገኛችሁ ቁመቱ አምስት ሳንቲ ሜትር ቢጎድልም ያዙት።

ከዚያ ሦስት ለሦስት አጫውቱ። ኳስ ይዞ የሚያደርገውን ተዉት፣ ሲያመልጠው ምን ያደርጋል? ቆሞ ዳኛውን ያያል? ጓደኛውን ይቆጣል? ወይስ ዞሮ ይሮጣል? ኳስ ከጠፋ በኋላ ያለችው ያቺ አንድ ሰከንድ ብዙ ትናገራለች።

በመጨረሻ ነፃ ውርወራ አስወርውሩት። ጥሬ ልጅ ከሩቅ ሲወረውር ቢስት ምንም አይደለም። ከነፃ ውርወራ መስመር ላይ ግን ኳሱ ከጣቱ ለስለስ ብሎ የሚወጣ ከሆነ ወርዋሪ ይወጣዋል። ውርወራ ደግሞ ይታረማል። ካዋይ ሌናርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጪ ከወረወረው የገባለት ሩቡ ብቻ ነበር። በ2011 ሳን አንቶኒዮ ከገባ በኋላ የውርወራ አሰልጣኙ የኳስ አለቃቀቁን አስተካከለለት፤ በመጀመሪያው ዓመቱ ከ37 በመቶ በላይ አገባ።

ቁመት ብቻውን የት እንደሚያደርስ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የዳሬሰላሙ ልጅ ሐሺም ታቢት 2.21 ሜትር ነው። በ2009 ሜምፊስ በ2ኛ ተራ መረጠው። ከእሱ ቀጥሎ ጄምስ ሃርደን፣ በ7ኛ ተራ ደግሞ ስቴፈን ከሪ ተመረጡ። ታቢት በመጀመሪያው ዓመቱ ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ፣ በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ ወደ ሂውስተን ተዛወረ። የምሥራቅ አፍሪካ ልጅ ነውና የእሱ ነገር ሁሌም ይቆጨኛል።

ዕድሜን በሐቅ መዝግቡ። የ14 ዓመት ልጅ ጢም አብቅሎ ከእኩዮቹ ሊበልጥ ይችላል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ይደርሱበታል። ዕድሜ ቀንሶ ያስገባ አሰልጣኝ መጀመሪያ የሚያታልለው ራሱን ነው።

4. ቤት ሂዱ

ልጁ «እሺ» ስላለ ነገሩ አላለቀም። ወላጆቹ ቤት ሂዱ፣ ሰፈሩ የሚያከብረውን አንድ ሽማግሌ ይዛችሁ። ወሎ ውስጥ ቡና ሳይጠጣ ቁም ነገር አይወራም። ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ ስለ ኳስ ባታነሱ ይሻላል። ዱአ ከተደረገ አሚን በሉ፣ ማተብ ያለበት ቤት ከሆነም እንደ ቤቱ ወግ ሁኑ።

እናት የምትጠይቀው አንድ ነው። «ልጄ፣ ትምህርቱን ካስተጓጎለብኝ ኳሱም ይቅርብኝ።»

መልሱ አጭር ይሁን። «እማማ፣ ውጤቱ ከወረደ ከሜዳ የማስቀምጠው እኔው ነኝ። ካርዱን ሲቀበል ለእርስዎ ሳያሳይ ለእኔ አያሳየኝም።» ይህን ካላችሁ ፈጽሙት። አንድ ጊዜ ውጤቱ ወርዶ ዝም ካላችሁ ያ ቤት ሁለተኛ አያምናችሁም።

በወረቀት የምትጽፉት ነገር አለ፦ የልምምድ ቀንና ሰዓት፣ የታክሲ ወይም የባጃጅ ገንዘብ ከማን እንደሆነ፣ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክም። አሜሪካ እልከዋለሁ አትበሉ። ለማንም አትበሉ። «ውጭ እልክልሃለሁ፣ ይህን ያህል ክፈል» የሚል ሰው ከመጣም ቤተሰቡ መጀመሪያ ለእናንተ እንዲነግር አስጠንቅቁ። እውነተኛ መልማይ ወይም ክለብ ከልጅ ቤተሰብ ገንዘብ አይለምንም። መንገዱ ዝግ ስለሆነ አይደለም ይህን የምለው። ኤንቢኤ ሴኔጋል ውስጥ አካዳሚ አለው፤ የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግም ከ2021 ጀምሮ እየተካሄደ ነው። ኡጋንዳ ያደገው ደቡብ ሱዳናዊ ካማን ማሉዋች በዚያ አካዳሚ አልፎ፣ በ17 ዓመቱ ፓሪስ ኦሎምፒክ ተጫውቶ፣ በ2025 በድራፍቱ 10ኛ ተመርጧል። መንገዱ አለ፤ በር የሚከፈተው ግን በሥራ ነው።

5. የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል።

የመጀመሪያው ወር የእግር ነው። አምስት ለአምስት አይጫወት። ሰውነቱን ካሟሟቀ በኋላ ማረፍ ይለማመድ፤ ዝቅ ካለ ወንበር ወርዶ፣ ዳሌውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ጉልበቱን ከእግሩ ጣቶች ጋር አስተካክሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ። ቀጥሎ ሮጦ በሁለት እግር መቆም። ቀጥሎ ፒቮት፤ አንዱ እግር ተተክሎ ሌላው ዞሮ። ረጅም ልጅ ኳስ የሚነጠቀው ብዙ ጊዜ እጁ ደካማ ሆኖ አይደለም። እግሩ ተወናብዶ ኳሱን ወደ ሆዱ ስለሚያወርደው ነው። «አገጭህ ስር!» የሚል አንድ ቃል ይበቃዋል፤ ኳሱ አገጭ ስር፣ ክርኖች ወደ ውጭ።

የቀድሞው የኤንቢኤ ግዙፍ ጆርጅ ማይካን ዲፖል ዩኒቨርሲቲ ሲገባ 2.08 ሜትር የሆነ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ እግሩ የሚተሳሰርበት ልጅ ነበር። አሰልጣኙ ሬይ ማየር ገመድ አስዘለለው፣ ቦክስ አስለመደው፣ ዳንስ እንኳ እንዲማር አደረገው። ገመድ ርካሽ ነው። በቀን አሥር ደቂቃ አስዘልሉት።

በስሙ የሚጠራው ልምምድ ደግሞ ሁለተኛውን ወር ይክፈት። ልጁ ሪንግ ስር ይቆማል። በቀኝ በኩል በቀኝ እጁ ቦርዱን አስነክቶ ያገባል፣ ኳሱ መሬት ሳይነካ ይይዛል፣ በግራ በኩል በግራ እጁ ያገባል። ኳሱ ከትከሻ በታች አይውረድ። መጀመሪያ ላይ ተከታታይ አራት ማግባት ያቅተዋል። ሃያ ሲደርስ ሌላ ልጅ ሆኗል።

ውርወራን ከቅርብ ጀምሩ። ከሪንጉ አንድ ሜትር፣ በአንድ እጅ ብቻ። ከአሥር ስምንት ሲያገባ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። አምስት ካገባ ባለበት ይቆይ። ከሦስት ነጥብ መስመር የመጀመሪያው ዓመት እንዳይወረውር ብትከለክሉት ይከፋዋል። ይክፋው፤ ጉልበት ሳይጠና ከሩቅ የሚወረውር ልጅ ኳሱን ከወገቡ መወርወር ይለምዳል፣ ያን ማስተው ከማስተማር ይከብዳል።

ከሦስተኛው ወር በኋላ ሁለት ለሁለት፣ ሦስት ለሦስት አስገቡት። ዲፌንስ (መከላከል) ላይ አንድ ሥራ ብቻ ስጡት፦ ሰው ቀለበቱ ስር ሲመጣ እጅህን ቀጥ አድርገህ ቁም። ጉልበቱን በራሱ ክብደት አጠንክሩ፤ ቁጭ ብድግ፣ ፑሽአፕ፣ በጣት መነሳት። ብረት ይቆይ።

እርማት በቀን አንድ ይሁን። ዛሬ እግሩ ከሆነ ስለ እጁ ዝም በሉ። ስድስት ነገር የተነገረው ልጅ አንዱንም አይዝም፣ ማታ ቤቱ ሲገባ የሚያስታውሰው ጩኸቱን ብቻ ነው። ጥሬ ልጅ ላይ አትጩኹ። ለምኜ ነው የምነግራችሁ።

ክረምት ደሴ ላይ ሲሚንቶ ሜዳው ይንሸራተታል፣ ጉሙም ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴን ክፍል ውስጥ አድርጉት። ወንበሮቹን ወደ ጎን ገፍታችሁ ፒቮት፣ ገመድ፣ ማረፍ፣ በሁለት ኳስ ድሪብል፣ ከግድግዳ ጋር ፓስ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ሞቃት ነውና ጠዋት ማለዳ ይሻላችኋል። ከባቲ ቆላ የመጣ ልጅ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ደሴ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሽ ቢያጥረው ሰነፍ አትበሉት።

6. ምግብ፣ ጾምና እንቅልፍ

ብዙ አሰልጣኝ ይህን የቤተሰብ ጉዳይ አድርጎ ይተወዋል። በባዶ ሆዱ የሚዘል ልጅ ጡንቻ አያወጣም። ክለቡ ከልምምድ በኋላ የሚበላ ነገር ያዘጋጅ፤ ሁለት ቅቅል እንቁላልና ዳቦ፣ ወይም ሙዝና የሽምብራ ቆሎ። አንድ ኩባያ ወተት ከተገኘ በረካ ነው።

ወሎ ውስጥ በአንድ ቡድን ሁለት ዓይነት ጾም አለ። የልምምድ ሰሌዳችሁ ሁለቱንም ይወቅ። በረመዳን ከባድ ሥራ ቀን ላይ አታድርጉ። ቀለል ያለ የውርወራና የእግር ልምምድ ከማፍጠሪያው አንድ ሰዓት በፊት ይመቻል፤ ሲጨርስ ውሃና ቴምር ይጠብቀዋል። ኦርቶዶክስ የሆነው ልጅ በዐቢይ ጾም እንቁላልና ወተት አይነካም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይም አለ። ልምምዱን ከበላ በኋላ ወደ አመሻሹ ግፉት። ሽሮ፣ ምስር፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ለውዝ በብዛት ይብላ፤ ገንቢ ምግብ ከጾም ውስጥም ይገኛል። ልጁን በእምነቱና በኳሱ መካከል አታቁሙት።

እንቅልፍ በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልጋል። ሌሊት ስልክ ላይ የሚያድር ልጅ ጠዋት እግሩ ይናገራል።

7. ሲያድግ ጠብቁት

በየሦስት ወሩ፣ ጠዋት፣ በዚያው ግድግዳ ላይ ለኩት። በሦስት ወር ሁለት ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ዝላዩን ቀንሱ። አጥንቱ ከጅማቱ ቀድሞ እየሮጠ ነው። ከጉልበት ሎሚው በታች ያለችው እብጥ ስትነካ ካመመችው የዕድገት ሕመም ሊሆን ይችላልና አሳርፉት፤ ካልተሻለው ሐኪም ይየው። ሲያድግ ደግሞ ውርወራው ይበላሻል፣ እጁና እግሩ አልታዘዝ ይላል። ለጥቂት ወራት የባሰበት ቢመስል አትደንግጡ፣ ለልጁም ቀድማችሁ ንገሩት።

ሲሚንቶ ሜዳ ጉልበት ይበላል። የዝላይ ሥራ ሣር ላይ ይሁን። ገንዘብ ካላችሁ ከማሊያ በፊት ጫማ ግዙ።

መታገስ ምን እንደሚመስል ለማየት ካሜሩናዊውን ጆኤል ኤምቢድን አስቡ። በ2014 በ3ኛ ተራ ተመርጦ በእግሩ ጉዳት ሁለት ሙሉ የውድድር ዘመን አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። ፊላደልፊያ ጠበቀው። በ2023 የሊጉ ኮከብ ሆነ።

8. ደቂቃ ስጡት

ከስድስት ወር በኋላ ጨዋታ ያስፈልገዋል፣ በዋናው ቡድን ባይሆንም። ተስፋ ቡድን ካላችሁ እዚያ ቋሚ ይሁን። ከሌላችሁ ለትምህርት ቤቱ ቡድን ይጫወት፣ ወይም ከጎረቤት ከተማ ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አዘጋጁ፤ ደሴና ኮምቦልቻ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። በዋናው ቡድን ውስጥ ደግሞ በእያንዳንዱ ጨዋታ የታወቀ ደቂቃ ይኑረው፣ ለምሳሌ የሁለተኛው ሩብ የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች። ሲሳሳት አታውጡት። ኳስ ባመለጠው ቁጥር ወደ ወንበሩ የሚያይ ልጅ ኳስ መያዝ ይፈራል።

አንድ ሥራ ስጡት፦ ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ) ያዝ፣ ለቅርብ ጓደኛህ አቀብል፣ ሩጥ። ያንን ሲችል ሁለተኛ ጨምሩ።

9. መዝገብና ውሳኔ

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደብተር ይኑር። በወር አንድ ገጽ ይበቃል፤ ቁመት፣ ከአሥር ነፃ ውርወራ የገባው፣ ተከታታይ የሪንግ ስር ሌይአፕ፣ ከልምምድ የቀረበት ቀን፣ የትምህርት ውጤት፣ የታረመ አንድ ነገር። ልጁም ያየው። ከስድስት ወር በፊት አራት የነበረው ቁጥር አሥራ ስምንት ሆኖ ሲያይ ከማንኛውም ምክር ይበልጥበታል።

በኤንቢኤ በአንደኛው ዙር የተመረጠ ልጅ ሁለት ዓመት ደመወዙ የተረጋገጠ ነው። ሦስተኛውንና አራተኛውን ዓመት ቡድኑ አይቶ ይወስናል። እናንተም የመወሰኛ ቀን አስቀምጡ፣ ለቤተሰቡም ገና በመጀመሪያው ቡና ላይ ንገሩት። ሁለት ዓመት ሲሞላ ደብተሩን ክፈቱ። ቁጥሩ እየጨመረ ከሆነ፣ በጨዋታ ባይታይም ቀጥሉ። አንድ ዓመት ሙሉ ቆሞ ከሆነ መጀመሪያ የራሳችሁን ገጽ እዩ፤ የገባችሁለትን ልምምድ፣ ምግብና ደቂቃ ሰጥታችኋል? ካልሰጣችሁ ሰዓቱ አልጀመረም።

ሰጥታችሁ ካልሆነ ግን በክብር ሸኙት። በስልክ አይደለም፣ በጓደኛ በኩልም አይደለም። እንደ መጀመሪያው ቤት ሂዱ፣ አባትና እናቱ ባሉበት ተናገሩ። በዳኝነት፣ በረዳት አሰልጣኝነት ወይም በሌላ ስፖርት የሚሆነው ካለ አመልክቱት፤ መረብ ኳስ ላይ ያ ቁመት ይፈለግ ይሆናል። ጫማውን አትቀበሉት። ደብተሩን ኮፒ አድርጋችሁ ስጡት፣ ቀጥሎ የሚይዘው አሰልጣኝ ከየት እንደሚጀምር እንዲያውቅ።